የቀኝ በራችን እንዳይጠገን ስለመጠየቅ

ለክቡር ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
የትንንሽ መኪናዎች አስመጪና ሻጭ ድርጅት፣
ባሉበት

ይህን ብዕር የያዘችው ባለቤቴ ናት፤ የሚናገረው ግን እኔ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ድንጋይ ስጠርብና ግድግዳ ሳቆም ስለኖርኩ ፊደል ለመቁጠር አልታደልኩም። እሷ ግን ልጆቻችን አንድ በአንድ ከቤት ወጥተው ካለቁ በኋላ የማታ ትምህርት ገብታ፣ ዛሬ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ እንኳ ያለ መነጽር ታነባለች። ለመጻፍ የተስማማችው በአንድ ውል ነው፤ ስድብ አትጽፍም። ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ «ክቡር» የሚል ቃል ባገኙ ቁጥር እኔ በዚያ ቦታ ሌላ ቃል ተናግሬ እንደነበር እንዲረዱልኝ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ አንገትዎ እንዴት ነው? በጤናዎ ላይ ጤና ይጨምርልዎ። እነዚህን አካላት ለይቼ መጠየቄ ለነገር አይደለም፤ ድርጅትዎ የሸጠልኝን መኪና ከገዛሁ ወዲህ ከሌላው አካል ይልቅ የማስበው እነሱን ስለሆነ ነው። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከመኪናዋ ወርጄ እስክቃና ድረስ ካለችው ጊዜ በስተቀር።

ባለፈው ሳምንት ከቢሮዎ አንዲት ድምፀ መልካም ልጅ ደውላ ሁለት ነገር ነገረችን። አንደኛው፣ የቀኝ በራችን ከውስጥ እንደማይከፈት ድርጅቱ ስለሰማ፣ በመጪው ሰኞ ጠዋት ባለሙያ ልኮ በነፃ ሊጠግንልን መወሰኑን ነው። ሁለተኛው፣ ድርጅቱ የመኪናዋን ባለቤቶች ተሞክሮ መስማት ስለሚወድ፣ ያለንን ሳንሰስት እንድናካፍል ነው። ስለ በሩ ወደ ታች እደርሳለሁ፤ ይህን ሁሉ ወረቀት የማስጨርሰውም ለሱ ስል ነው። አስቀድሜ ግን ልጅቷን ላለማሳፈር ተሞክሮዬን በተራ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ክላክሱ። ክላክሱን ስጫነው ዝም ይላል፤ መሪውን ወደ ቀኝ ስጠመዝዝ ግን ሰፈሩን ያናውጠዋል። ቀኝ ሳይዞሩ መኖር እንደማይቻል ለእርስዎ አይጠፋዎትም። እኛ በምንታጠፍበት ማዕዘን ላይ ደግሞ፣ በአጥር ድንበር ተኮራርፈን ጤና ይስጥልኝ እንኳ የማንባባል አንድ ጡረተኛ ዳኛ ይኖራል። መኪናዋን ከገዛሁ ጀምሮ በየጠዋቱ እሱ ደጃፍ ላይ ስደርስ ጩኸቷን ትለቀዋለች። መጀመሪያ ነገር የምፈልገው መስሎት በመስኮት ይገላምጠኝ ነበር። ቀስ በቀስ አንገቱን ነቅነቅ ማድረግ ጀመረ፤ ከዚያ እጁን አነሳ፤ በመጨረሻ አንድ ቀን መሀል መንገድ ላይ ቆሞ አስቁሞኝ «አንተ ከኔ ተሻልክ፤ እኔ ፊቴን እያዞርኩብህ አንተ ሰላምታህን ሳታቋርጥ ልቤን አሸነፍከው» ብሎ አቅፎ ሳመኝ። ስንቱ ሽማግሌ ተመላልሶ ያቃተውን እርቅ አንድ የተበላሸ ሽቦ ስለፈጸመልን ድርጅትዎን አመሰግናለሁ። አጥሩን ግን ዛሬም ያለ ቦታው ነው የተከለው፤ ይህም ይጻፍልኝ።

ሁለተኛ፣ የነዳጅ ቆጣሪው። ይህ ቆጣሪ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ «ሙሉ ነው» ይላል። ቤንዚን አልቆ መኪናዋን በትከሻችን እየገፋናት እንኳ «ሙሉ ነው» ይላል። እንዲህ ያለ ጽናት ከዚህ በፊት ያየሁት በስብሰባ ላይ ሪፖርት በሚያነቡ ሰዎች ዘንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ቤንዚን መኖር አለመኖሩን የምናውቀው በራሳችን ዘዴ ነው፤ ባለቤቴ ከኋላ ሆና ትወዘውዛታለች፣ እኔ ጆሮዬን ጎኗ ላይ ለጥፌ አዳምጣለሁ። የሚያየን ሰው የታመመች ላም የምናክም ይመስለዋል። ሰፈራችን ያለው መካኒክ፣ «ፕሮፌሰር» ነው የምንለው፣ ገና ሳይነካት ራሱን ነቅንቆ «አባባ፣ ይሄ ብልሽት አይደለም፤ የሞዴሉ ጠባይ ነው» አለኝ። ጠባይ ከሆነ ታዲያ ያሳደጋት ማነው? እኔ ነኝ እርስዎ?

ሦስተኛ፣ ስፋቷ። ሻጫችሁ «አምስት ሰው ትይዛለች» ብሎ ደረቱን ነፍቶ ነግሮኛል። አምስቱ ሰዎች እነማን እንደሆኑ ቢያስተዋውቁኝ ደስ ይለኛል፤ አመጋገባቸውን ልጠይቃቸው እፈልጋለሁ። እኛ የባለቤቴን ታላቅ ወንድም ካስገባን የቀረነው የምንተነፍሰው በየተራ ነው። ዳገት ሲመጣ ደግሞ ተሳፋሪው ወርዶ በእግሩ ይወጣል፤ ቀድሞን ይደርስና ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቀናል። አንድ ቀን ይኸው አማቼ ከዳገቱ አናት ላይ ሆኖ «እናንተ ሰዎች፣ ተመልሼ ልግፋችሁ ወይስ ቤት ገብቼ ምሳ ልብላ?» ብሎ ጮኸብን። በልቶ ተመለሰ፤ እኛ ገና ነበርን።

የሰፈሩ ልጆች ስትነሳ ስለምትዘል «ቁንጫ» ብለው ሰይመዋታል። መጀመሪያ ተቆጥቼ ነበር፤ አሁን እኔም የምጠራት በዚሁ ነው። ልዩነታቸው እውነተኛዋ ቁንጫ ስትዘል የት እንደምትወርድ ማወቋ ነው።

አራተኛው ቅሬታ ከመቀመጫው ውስጥ ስለወጣው ሽቦ ነበር። ጸሐፊዋ «ይህ በአደባባይ አይነበብም» ብላ ብዕሯን ስላስቀመጠች ታልፏል። የት እንደወጋኝ እርስዎ ይገምቱ።

አምስተኛ፣ በሩ።

በገዛናት ሰሞን የቀኙ በር የውስጥ መክፈቻ ባለቤቴ እጅ ላይ ተነቅሎ ቀረ። መስታወቱም ወደ ታች አይወርድም። ስለዚህ እሷን ለማውረድ እኔ ወርጄ፣ ጉልበቴ ስለማይታመን የቁንጫን አፍንጫ ተደግፌ፣ በፊት በኩል ዞሬ፣ ከውጭ መክፈት አለብኝ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የምዞረው ክቡርነትዎን እያነሳሁ ነበር፤ እንዴት አድርጌ እንዳነሳሁዎት ጸሐፊዋ አትጽፈውም። እኛ ባደግንበት ጊዜ ወንድ ከሚስቱ ቀድሞ ነው የሚሄደው። ለምን ተብሎ ሲጠየቅ «መንገዱን ሊያይላት ነው» ይባል ነበር። እኔም እንደ ሰዉ ቀድሜ ሄድኩ፤ ምን እንዳየሁላት እንጃ። ለሰው ቤት የበር መቃን ሳቆም ኖሬያለሁ፣ በሩ ጠመመብኝ ያለኝ የለም፤ ለሚስቴ በር መክፈት የሚባል ነገር ግን በሐሳቤም አልመጣም። እጅ አላት አይደል?

እንግዲህ ገበያ ስንደርስ አቆማለሁ፣ እዞራለሁ፣ እከፍታለሁ። እሷ አስቀድማ አንድ እግሯን ታወጣለች፤ ቀሚሷን ሰብሰብ ታደርጋለች፤ ከዚያ እጇን ትሰጠኛለች። መቀመጫው ጉድጓድ ስለሆነ ካልሳብኳት አትወጣም። በሰው ፊት እጇን ለመጀመሪያ ጊዜ የያዝኩት ያኔ ነው። ከዚያ ሻርፗን አስተካክላ፣ ቀና ብላ፣ የአገር መሪ ሚስት ከአውሮፕላን እንደምትወርድ አድርጋ ትወርዳለች፤ ባዶ የሽንኩርት ዘንቢል ይዛ።

ሴቶች አዩ። ሴቶች ካዩ ደግሞ ነገሩ አበቃ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ልክ እንደኛዋ ያለች መኪና አለችው፤ የሱ በር ግን እንደ ደህና ሰው በር ከውስጥም ከውጭም ይከፈታል። ሚስቱ አንድ ቀን ገበያ መሀል ከመኪናው አልወርድም ብላ ተቀመጠች። «ሴትዮ፣ በሩ አልተቆለፈም፣ ውረጂ እንጂ» ሲላት «ግንበኛው የተበላሸውን ይከፍታል፤ አንተ ደህናውን መክፈት አቃተህ?» አለችው። «እሱ ወዶ መሰለሽ?» ቢላት «አንተም ሳትወድ ክፈታ!» አለች። ሰው ተሰብስቦ፣ ዝናብ መጥቶ ሰው ተበትኖ፣ እሷ እንደተቀመጠች ነበረች።

ከዚያ በኋላ የሰፈሩ ባሎች መክረው ሽማግሌ ላኩብኝ። «ወንድማችን፣ ያንን በር አስጠግንና ሁላችንም በቤታችን በሰላም እንኑር» አሉኝ። እኔም «እኔ የማውቀው ድንጋይ ነው፤ የብረቱ ጉዳይ የድርጅቱ ነው» ብዬ ሸኘኋቸው። ለቢሮዎ የጠቆመብኝ ያው ልብስ ሰፊ መሆኑን አውቃለሁ። ሳልወፍር ሳልከሳ ሱሪዬን አጥብቦ የሰፋልኝ ጊዜ ነው የጠረጠርኩት።

ይህን ያህል ካወራሁ አይቀር የቀረውንም ልናገር። ባለፈው ወር ለጉልበቴ ቅባት ልገዛ መድኃኒት ቤት ገብቼ ወረፋ ያዝኩ። ከዚያ አውርጃት ወደ ገበያው በእግር ልንሻገር ነበርና እስክመለስ ባለቤቴ መኪና ውስጥ ቀርታለች፤ በሩ አይከፈትላትም ማለት ነው። በመስታወቱ ወደ ውጭ ስመለከት የቁንጫ የቀኝ በር ተከፈተ። ከውጭ የነካው ሰው የለም፤ ከውስጥ በምን ዘዴ እንደከፈተችው አላውቅም። ባለቤቴ ወጣች። ወገቧን ይዛ ተንጠራራች። ብርቱካን ሻጯ ዘንድ ሄዳ መረጠች፣ ተከራከረች፣ ዋጋው ሲቀነስላት እንደገና መረጠች። እኔ ቅባቴን ይዤ ስወጣ በሩቁ አየችኝ። ክቡር ሆይ፣ የሷ ጉልበት ከኔ ጉልበት አይሻልም፤ ያኔ ግን እንደ ልጃገረድ ሮጣ ገባች፣ በሩን ሳብ አድርጋ ዘጋች፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ ፊት ለፊቷን ማየት ጀመረች።

ደረስኩ። የቁንጫን አፍንጫ ተደግፌ ዞርኩ። ከፈትኩ። «ኧረ ዕድሜ ይስጥህ! በሙቀት ታፍኜ ልሞት ነበር» አለችኝ። መኪናዋ ውስጥ ብርቱካን ብርቱካን ይሸታል። እኔም «ምን ይደረግ፤ የነዚህ ሰዎች ሥራ ነው» አልኳት። እጇን ሰጠችኝ፤ ሳብኳት። ከዚያ ወዲህም ስንት ጊዜ ዞሬ ከፍቻለሁ፤ ስለዚህ ነገር እስከ ዛሬ አንድ ቃል አልወጣኝም።

ጸሐፊዬ፣ ብዕሩ ለምን ቆመ? ጻፊ። የተነገረ ይጻፋል፤ ውላችን ስድብ እንዳይጻፍ ነው እንጂ እውነት እንዳይጻፍ አይደለም። ቀና ብለሽ አትይኝ፤ ወረቀቱን ተመልከቺ።

ስለዚህ ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ጥያቄዬ አጭር ነው። ሰኞ የሚመጣው ባለሙያ ቆጣሪውን እውነት መናገር ያስተምረው፤ መቀመጫውን ስለ ፈጣሪ ብሎ ይጠግነው፤ የቀኙን በር ግን እንዳይነካው። በሩ ከተጠገነ እኔ በምን ምክንያት እዞራለሁ? ሰው በዚህ ዕድሜው፣ በዚህ ጉልበቱ፣ ያለ ምክንያት መኪና ሲዞር ቢታይ አእምሮው ተነካ ይባላል። እሷስ በምን ምክንያት ቁጭ ብላ ትጠብቀኛለች? እኔ ደግሞ «ልክፈትልሽ» ብዬ የምናገርበት አፍ አልተሰጠኝም፤ እሷም «ክፈትልኝ» የምትል ሴት አይደለችም። ሁለታችንም ያለን ይኸው የተበላሸ በር ነው። ድርጅትዎ በስህተት የሰጠንን በጥራት እንዳይወስድብን እለምናለሁ፤ ልመና ደግሞ ልማዴ አይደለም።

ከተቻለም በሩ ፈጽሞ የማይድን መሆኑን የሚመሰክር፣ ክብ ማኅተም ያለበት ወረቀት ለልብስ ሰፊው በአድራሻው ይላክለት። ዋስትናው ይሰረዛል ካላችሁ ይሰረዝ፤ ሲኖርም አላየነውም። ባለሙያው ይህን ሁሉ ሰምቶ ካልተመለሰ ግን፣ መዶሻዬን ጭኔ ላይ አስቀምጬ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጬ ያገኘኛል። ይህን እንደ ዛቻ ሳይሆን እንደ እንግዳ አቀባበል ይቁጠሩልኝ።

ወገቡን ላጎበጡለት፣ ከጎረቤቱ ላስታረቁት፣ ነዳጁን በወረቀት ላይ እንደሚሞላ በጀት ሁልጊዜ ሙሉ ላደረጉለት ደግነትዎ ምስጋናው የማያልቅ፣ በዳገት ሁሉ ላይ ስምዎን ሳያነሳ የማያልፍ ታማኝ ደንበኛዎ፣

ግንበኛው
(ፊርማ ስለሌለኝ የአውራ ጣቴ አሻራ ከዚህ በታች አለ፤ ጥቁሩ ቀለም ነው፣ ቡናማው የቁንጫ ዘይት ነው።)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ልጅቷ በደወለች ማግስት ይህንኑ በቃሌ ልነግርዎ ወደ ቢሮዎ መጥቼ ነበር። ዘበኛው አላስገባ ብሎኝ ደጅ ቆሜ ሳለ እርስዎ ደረሱ። የመጡበት መኪና ከሚሸጡልን ዓይነት አይደለም፤ ሳሎናችንን ያህላል። ገና ከመቆሙ ሾፌርዎ ሮጦ ዞረና በሩን ከፈተልዎ። ከልቤ አዘንኩልዎ፤ ለካስ የእርስዎም ከውስጥ አይከፈትም። እጅዎን ግን ሲሰጡት አላየሁም።

በይ አሁን ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። አምስተኛው ላይ ስትደርሺ ድምፅሽን እንዳትቀንሺ፤ ጆሮዬ ደካማ ነው።