ኮኩ ነበረ ወይስ አልነበረም?

ልጄ ሰናይት፣

ከሁሉ አስቀድሞ ማወቅ ያለብሽ ይህን ነው፤ የመጨረሻው መጽሐፍሽ ገና አልታተመም። ያዘገየሁትም እኔ አባትሽ ነኝ። አሳታሚው የሚጠብቀው የእኔን አንድ ቃል ነው፤ እኔ ደግሞ አንቺ ከተለየሽን ስምንት ወር ሙሉ ያችን ቃል ማግኘት አቅቶኛል።

ቤቱ ደኅና ነው። ከአዲሱ ገበያ የሚመጣው መንገድ ሲሰፋ አጥራችን ወደ ውስጥ ገባ፤ ግቢውም ሲሚንቶ ሆነ። ጠረጴዛዬን ወደ አንቺ ክፍል፣ መስኮቱ ሥር አዛውሬዋለሁ።

አሠራራችን መቼም አይረሳሽም። ኖርዌይ፣ የሕፃናት ማቆያ ሥራሽ ከመጀመሩ በፊት ማለዳ ማለዳ ትጽፊያለሽ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ለተወለዱት የሐበሻ ልጆች ታነቢላቸዋለሽ፤ ያዛጉበትን ገጽ ያለ ርኅራኄ ትሰርዣለሽ። የተረፈው ጉለሌ ይመጣል፤ እኔ በቀይ እስክሪብቶ አርሜ እመልሳለሁ። ዕድሜ ልኩን የተማሪ ደብተር ያረመ እጅ የገዛ ልጁን ልብ ወለድ ሲያገኝ ይብስበታል። «አባዬ፣ ከልጆቹ ማዛጋት ያንተ ቀይ ይከፋል» ብለሽ የጻፍሽልኝ ወረቀት አሁንም አለ።

ይኸኛው መጽሐፍ ስለ አንዲት የጉለሌ ልጅ ነው። በተቆጧት ቁጥር ግቢያቸው ውስጥ ያለው ኮክ ዛፍ ላይ ትወጣና ምስጢሯን ለዛፉ ትነግረዋለች። ቤቱ የእኛ ቤት መሆኑን ወዲያው ስላወቅሁ ኅዳጉ ላይ «ቤታችን ኮክ ኖሮት አያውቅም። ይታረም።» ብዬ ጻፍኩ። አልተከራከርሽም። ዛፉን አወጣሽው፤ ልጅቷን ደረጃ ላይ አስቀመጥሻት። ከአንቺ የደረሰኝ የመጨረሻ ጽሑፍ ይኸው ነው።

ለቅሶሽ ላይ ለጎረቤታችን ለወይዘሮ አስካለ ይህንኑ ሳጫውታቸው እንባቸውን ሳይጠርጉ ሳቁብኝ። «ኧረ መምህር፣ ምን ነካዎት! ከዛፉ ወድቃ ክንዷ ሲሰበር ተናደው በማግስቱ የቆረጡት እርስዎ አይደሉም እንዴ? መጥረቢያውን ያዋስኩዎት እኔ ነኝ፤ እስካሁንም አልመለሱልኝም!»

እንደ ልማዴ ማስረጃ ፈለግሁ። የዚያን ዘመን ማስታወሻዬ «ሰናይት ክንዷ ተሰብሮ ወጌሻ ዘንድ ወሰድኳት» ይላል፤ ከምን እንደወደቅሽ ግን አይልም። ጉቶ እንዳልፈልግ ግቢው ሲሚንቶ ነው። ዕቃ ቤት ገብቼ ሳገላብጥ እጀታው ላይ የወይዘሮ አስካለ ባል ስም የተቀረጸበት መጥረቢያ አገኘሁና ይቅርታ ጠይቄ መለስኩ። መጥረቢያውን ሳየው አስታወስኩት፤ ዛፉን ግን አላስታውሰውም። ክንድሽን በእናትሽ ሻሽ አንጠልጥለሽ ቆመሽ ትታዪኛለሽ፤ ከኋላሽ ያለው ግቢ ባዶ ነው።

ግራ ገብቶኛል፣ ልጄ። ዛፉ ከነበረ ለምን ዝም አልሽኝ? እንዳላፍር ብለሽ ነው? ወይስ ርቀቱ አንቺንም አጠራጥሮሽ «አባቴ ካለ ልክ ነው» አልሽ? ምናልባትም ወይዘሮ አስካለ ናቸው ያምታቱት፤ መጥረቢያውን ለማገዶ ተውሼው ሊሆን ይችላል። ሌላውስ እርማቴ? እውነት እያልኩ ስንቱን ትዝታሽን ሰርዤብሽ ይሆን?

ሁለቱም ረቂቆች ፊቴ ናቸው፤ አንዱ ከነዛፉ፣ አንዱ ያለ ዛፍ። ዛፉን ብመልሰው የመጨረሻ ቃልሽን መሻሬ ነው። ብተወው ደግሞ፣ ወይዘሮ አስካለ እውነት ከተናገሩ፣ ያንን ዛፍ ሁለተኛ ልቆርጠው ነው።

እስካለሁ ድረስ አስታውስሻለሁ፤ ለትዝታዬ ግን እንደ ድሮው ዋስ መሆን አልችልም። እናትሽ አጠገብሽ ካለች እሷንም ጠይቂያት፤ ግቢውን ከእኔ ይልቅ ታውቀው ነበር። አሳታሚው እስከ ሰኞ ይታገሠኛል። በሕልምም ቢሆን፣ በሚቀልሽ መንገድ፣ ኮኩ ነበረ ወይስ አልነበረም የሚለውን ብቻ ቶሎ መልሺልኝ።

አባትሽ