በግራው በኩል

ውድ እማዬ፣

ትናንት አባዬ መንገድ ተሻገረ። ብቻውን። የምሥራች ነው፤ እንደ ምሥራች መጻፍ ግን አቃተኝ።

አንቺ ከሞትሽ ወዲህ ከደጃፍ አያልፍም ነበር። ግራ ዓይኑ እንደማያይ ታውቂያለሽ። ቀኙን እሱ፣ ግራውን አንቺ እያያችሁ ነበር የምትሻገሩት። ግማሹን መንገድ ይዘሽበት ሄድሽ። ሐኪሙ "ካልተራመዱ እግራቸውም ይከዳቸዋል" አለኝ።

ስለዚህ ሥራ ቦታዬ ወሰድኩት። እዚያ ስለምሠራበት ክፍል ጠይቀሽኝ አታውቂም፤ እኔም አልነገርኩሽም። በሦስቱ ግድግዳና በወለሉ ላይ በማሽን ምስል እንጥላለን። ልዩ መነጽር ሲደረግ ክፍሉ ይጠፋና መንገድ ይሆናል። ከጉዳት ያገገሙ ሰዎች ሳይገጩ መሻገር ይለማመዱበታል። አንድ ጉድለት አለው፤ ማሽኑ የሚከተለው የአንድ ሰው ራስ እንቅስቃሴ ብቻ ነው። ዋናውን መነጽር ያደረገ ሁሉን በትክክል ያያል። አጠገቡ ለቆመው ያው መንገድ ተጣሞና ተንጋዶ ነው የሚታየው።

ዋናውን ለአባዬ አደረግሁለት።

"ለዚህ ነው ደሞዝ የሚከፍሉሽ?" አለ። ቀኙን አይቶ አስፋልቱ ውስጥ ገባ። ከግራ የመጣ አውቶቡስ በውስጡ ሰንጥቆ አለፈ።

"አባዬ፣ ሞትክ።"

"እናትሽ ብትኖር ትጮህልኝ ነበር።"

ገብቼ በግራው በኩል ቆምኩ። አንቺ ቦታ። ክንዴን ያዘ። በተንጋደደው መንገድ ላይ መኪናው ሩቅ መሰለኝና "አሁን!" አልኩት። ሚኒባስ በላያችን ሄደ።

"አንቺን አምኜ ደግሜ ሞትኩ!" ብሎ ሳቀ። ከቀብርሽ ወዲህ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም።

እማዬ፣ ልንገርሽ። ባይለምድ ደስ ይለኝ ነበር። እሱ እየሞተ፣ እየሳቀ፣ እኔ በግራው በኩል እንደቆምኩ ብንኖር። ቤት ስገባ እንደዚያ ክንዴን የሚይዝ የለም።

አባዬ ግን "በይ ውጪ፣ አንቺ ልጅ" አለኝ። " አንቺ ከምታዪልኝ እኔው ባይ ይሻላል።"

ወጥቼ ከመቆጣጠሪያው ሆኜ ተመለከትኩት። አንገቱን እስከ ትከሻው አዞረ። ግራውን በቀኝ ዓይኑ አየ። ተሻገረ። ደግሞ ተሻገረ። ጎበዝ ተማሪ ነው፤ አላሞገስኩትም።

ትናንት እውነተኛው መንገድ ዳር ደረስን። ክንዴን ሰጠሁት። "ተዪኝ" አለኝ፣ በቁጣ አይደለም። ወደ ግራ ዞረ። የሚመጣ መኪና አልነበረም፤ ወዲያው መሄድ ይችል ነበር። እሱ ግን ቆይቶ ቆይቶ አየ። መንገዱን ሳይሆን፣ አንቺ የምትቆሚበትን ቦታ። ከዚያ ሄደ። ማዶ ያለው ፀጉር ቆራጭ በሩን ከፍቶ "ኧረ የት ጠፍተው ነው!" ሲል ሰማሁ። አባዬ ዞር ሳይል ገባ።

እኔ እዚያው ቀረሁ። መንገዱ ባዶ ነበር፤ የምሻገርበት ምክንያት ግን ጠፋኝ።

ስለ እሱ ከእንግዲህ ሐሳብ አይግባሽ። ስለ እኔ ግን፣ ትንሽ፣ ይግባሽ።

ልጅሽ