አረንጓዴው ጥራዝ

ጥቅምት 8
ዛሬም የሥልጠና ቀን። "መምህራንና ተማሪዎች፣ ከቤተ መጻሕፍታችሁ ጋር ተዋወቁ" የሚል ወረቀት በየትምህርት ክፍሉ በር ለጥፌ፣ ሠላሳ ወንበር ደርድሬ ጠበቅኩ። አራት ሰው መጣ። አንዱ ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ ነው። አንዷ ክፍል ተሳስታ ገብታ፣ መውጣት አፍራ ቁጭ አለች። ለአራቱም ጮክ ብዬ አስረዳሁ። ምን ላድርግ? ሥራዬ ነው፤ መጽሐፉን ከሰው ማገናኘት። እህቴ "ደንበኛ የራቀው ባለሱቅ ነሽ" ትለኛለች። አፏ አያርፍም።

ጥቅምት 21
አለቃዬ ቦታ ጠበበ ብሏል። ከአሥር ዓመት በላይ የቆዩ፣ ማንም የማይዋሳቸው የመመረቂያ ጽሑፎች ይወገዱ ነው የሚለው። ዝርዝሩን ለመምህራን ላክሁ። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ርዕስ። መጨረሻ ላይ ያለችውን ዓረፍተ ነገር የጨመርኳት እኔ ነኝ፤ "በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ መልስ ካልደረሰን እንደተስማሙ እንቆጥራለን።"
አለቃዬ አንብቦ "ጎበዝ! እንዲህ ነው እንጂ" አለኝ። ደስ አለኝ።

ኅዳር 9
አንድም መልስ የለም። ሁለት ጊዜ አስታወስኳቸው። ጭጭ።

ኅዳር 12
መኪናው መጣ። በጆንያ ጫንን። ወረቀት ፋብሪካ ወስዶ ይፈጫቸዋል። አራተኛው መደርደሪያ ባዶ ሲሆን ክፍሉ ማስተጋባት ጀመረ። ሳስነጥስ ሁለት ጊዜ ይሰማኛል።

ግንቦት 30
አቧራ ስጠርግ ትዝ አለኝ። እማማ! ክው አልኩ።
ልጃቸው የመመረቂያ ጽሑፏን አስረክባ፣ ሳትመረቅ ሞተች። ምርቃቷ ሊሆን የነበረው ሐምሌ 2 ነው። በየዓመቱ በዚያ ቀን ይመጣሉ። ዘበኛው ያስገባቸዋል። አራተኛው መደርደሪያ፣ አረንጓዴ ጥራዝ። እዚህ ከመጣሁ ወዲህ እኔው ነኝ የማወጣላቸው። መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ሽፋኑን በመዳፋቸው ይዳብሱታል። ሽር... ሽር... አንድ ሰዓት ያህል። ከዚያ "እግዜር ይስጥሽ" ብለው ይሄዳሉ። አንዴ ገልብጠው ይዘውት አይቻለሁ። አቃናሁላቸው እንጂ ምንም አላልኩም።
ማንም የማይዋሰው... እውነት ነው። መታወቂያ የላቸውም፣ ምን ብለው ይዋሱ? ዝርዝሩን ለመምህራን ላክሁ። ለእሳቸውስ ማን ላከላቸው?

ሰኔ 5
አማካሪዋ የነበሩት መምህር ቢሮ ሄድኩ። ተማሪዎች "ቀይ ብዕር" ይሏቸዋል። ቅጂ ይኖራቸው እንደሆነ ጠየቅኩ።
"የለኝም። ለምን ጣላችሁት?"
"ደብዳቤ ልኬልዎት ነበር። ሦስቴ።"
"ከቤተ መጻሕፍት የሚመጣ ደብዳቤ አልከፍትም። ያው የሥልጠና ጥሪ ይመስለኛል።" ደግሞ ቀጠሉ፤ "በሬን ብታንኳኪ ኖሮ 'አትጣሉት' እልሽ ነበር እኮ።"
ስመለስ እርምጃዬን ቆጠርኩ። ከሳቸው በር እስከ እኔ በር መቶ ሰማንያ ስድስት።

ሰኔ 27
የትም የለም። ትምህርት ክፍሉ፣ መዝገብ ቤቱ፣ ምድር ቤቱ... ለአለቃዬ ነገርኩት።
"ሴትዮዋ ማንበብ አይችሉም አላልሽም? ሌላ አረንጓዴ ስጫቸው፣ አለቀ ደቀቀ።"
"ምን ዓይነት ሰው ነዎት?" አልኩት። አፍ አውጥቼ አልኩት!
ግን ምድር ቤት አንድ አረንጓዴ ተርፏል። ስለ ዶሮ መኖ ነው። ለምን ወደ ጠረጴዛዬ አመጣሁት?

ሐምሌ 2
ሰጠኋቸው።
እንዴት እንደሰጠኋቸው አላውቅም። በሩ ላይ ሳያቸው፣ ያቺን ነጭ ነጠላቸውን አስተካክለው ፈገግ ሲሉ፣ እጄ ብቻውን ሄዶ አነሣው። ተቀበሉኝ፣ ሳሙት፣ መስኮቱ ሥር ተቀመጡ። ሽር... ሽር... ልሸሽ ስል ጠሩኝ።
"ልጄ፣ ዘንድሮ አንድ ነገር ልለምንሽ። አንብቢልኝ።"
ከፈትኩት። የምስጋናው ገጽ ወጣ። "ከሁሉ አስቀድሜ፣ ለፍቶ ያሳደገኝን አባቴን..."
"እሷ አባቷን አታውቀውም" አሉ፣ ቀስ ብለው።
ያኔ ሁሉንም ዘረገፍኩት። መኪናውን፣ ጆንያውን፣ ያቺን ዓረፍተ ነገሬን። "እኔ ነኝ እማማ፣ እኔ ነኝ የጣልኩት" አልኩ። መዳፋቸውን ከጥራዙ ላይ አላነሡም።
"ይሄስ የማን ልጅ ሥራ ነው?"
"አላውቀውም።"
"እሱም ለፍቶበታል። ጀምረሽዋል፣ ጨርሺው።"
ስለ ዶሮ መኖ ሁለት ገጽ አነበብኩላቸው። አላለቀሱም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። እኔ ነኝ ያለቀስኩት። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል።
በሩ ላይ ዞር አሉ። "አሥራ አንድ ዓመት 'አንብቡልኝ' ማለት አፍሬ ኖርኩ። ድፍረቱ ዘንድሮ መጣልኝ።"

ሐምሌ 3
"ላንብብልዎት?" ሁለት ቃል አይሞላም። አንድ ቀን እንኳ አላልኩም።

ነሐሴ 19
ማንም በሌለበት እሰማዋለሁ። ሽር... ሽር... ዛሬ ተነሥቼ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ወንበሩ ባዶ ነው። እያበድኩ ይሆን? እህቴ "ዕረፍት ውጪ" አለች። ወዴት ልውጣ? ይከተለኛል።

ጥቅምት 14
አዲስ የማስወገጃ ዝርዝር። አልላክሁትም፤ ይዤ ዞርኩ። በር በር እያንኳኳሁ። መጨረሻ ላይ ያለችውንም ዓረፍተ ነገር ቀየርኳት፤ "መልስ ካልደረሰን አናነሣም።" አለቃዬ "በዚህ አካሄድ በመቶ ዓመትም አንጨርስም" አለ። አንጨርስ።
በየበሩ ስለ እማማ ልጅም እጠይቃለሁ። ምን ጻፈች? የሚያስታውስ አለ?

ጥር 26
ቀይ ብዕር ራሳቸው መጡ። ቤተ መጻሕፍታችንን ሲረግጡ የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም። ትዝ ያላቸውን በቀይ ጽፈው አመጡልኝ። ግማሽ ገጽ። አብራት የተማረች ነርስም በስልክ ነገረችኝ፤ እየሳቀች ጀምራ እያለቀሰች ጨረሰች።

ሐምሌ 2
ይቀሩ ይሆናል ብዬ ነበር። መጡ። ትንሽ ያነክሳሉ።
የሰበሰብኩት አራት ገጽ ሆኗል። አረንጓዴ ሽፋን አላደረግኩለትም።
"ይሄ የሷ ነው?"
"አይደለም እማማ። የሷማ ጠፍቷል። ስለሷ የሚያስታውሱት ነው።"
"በይ አንብቢ።"
አነበብኩ። የጻፈችው ስለ ጤና ጣቢያ ወረፋ ነበር፤ አንድ በሽተኛ ሐኪም ፊት እስኪደርስ ስንት ደቂቃ እንደሚጠብቅ። ወር ሙሉ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ እያንዳንዱን ሰው ለካች። የራሷ ሰዓት አልነበራትም። በእናቷ የእጅ ሰዓት ነው የለካችው።
ነጠላቸውን ይዳብስ የነበረው መዳፋቸው ቆመ።
"ሰዓቴን ወር ሙሉ ወስዳብኝ ነበር" አሉ። "ልታጌጥበት መስሎኝ ስንት ቀን ተቆጥቻታለሁ። ስትሰጠኝም ምንም አላለችኝ።"
ግራ እጃቸውን በቀኛቸው ያዙ፣ አንጓው ላይ። ምንም አልታሰረበትም።
"አለቀ?"
"አዎ እማማ። ይኸው ብቻ ነው የተገኘው።"
ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ።
"ድገሚልኝ። ከሰዓቱ ጋ ጀምሪ።"