ሰው ቤት የማይበሉት ዳኛ

የኔ ጌታ፣ እንደምን አሉልኝ? ከተለዩኝ ዓመት አለፈ፤ ተዝካርዎንም በደንብ አወጣን። ልጃችን የሥራ ሺፍቷ ስለበዛባት፣ እዚህ ሜልቦርን፣ ሜድስቶን ሰፈር ባለው ቤታችን ቀኑን የምውለው ብቻዬን ነው። ወንበርዎን ወደ መስኮቱ አዙሬ እኔ እቀመጥበታለሁ፤ አይቆጡኝ።

የምጽፍልዎት ስለዚያ የድሮ ጭቅጭቃችን ነው። አስመራ፣ ጣሊያን ሠርቶት በሄደው ፍርድ ቤት በወጣትነትዎ ተሹመው፣ የከፍተኛው ፍርድ ቤት የመሐል ዳኛም ሆነው ሰው ቤት እህል አልቀመሱም። ዛሬ ያጎረሰኝ ነገ ችሎት ፊቴ ይቆማል፣ ያኔ ዓይኔ ያፍራል ይሉ ነበር። እኔንም ጭምር ከለከሉኝ። ሠርግ ስንጠራ ለብሼ ተኳኩዬ እሄዳለሁ፤ እርስዎ ቆመው ይመርቃሉ፣ ከዚያ የወጡ ሽታ እየጠራን እንወጣለን። ቤታችን ገብተን ፓስታ ቀቅዬ እንበላለን። ሰውም ኩራተኞች አለን። እርስዎስ ሥራዎ ነበረ፤ እኔ ግን ጓደኛ ሳይኖረኝ አረጀሁ።

ሜልቦርን ስንመጣ፣ እንግዲህ እንደ ሰው እንኖራለን ብዬ ነበር። ምን ያደርጋል! ዝናዎ ቀድሞን ደርሶ ኖሮ፣ የተጣላ ሁሉ ለሽምግልና በራችንን አንኳኳ። እርስዎም ጾምዎን ቀጠሉ። ጡረታ የማያውቅ ዳኛ እያልኩ ብቀልድብዎትም፣ ከልቤ ተናድጄ ነበር።

ከሄዱ ወዲህ ዌስት ፉትስክሬይ ሰፈር የምትኖረው አስካለ ወዳጄ ሆነች። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በመኪናዋ ትወስደኝና ቤቷ ምሳ እንበላለን፣ ስንስቅ እንውላለን። ባለፈው ሰሞን ከምራቷ ጋር ተጣሉና፣ ሁለቱም የዳኛው ሚስት ትዳኘን አሉ። ደስ ብሎኝ ተቀመጥኩ። ምራቷ እያለቀሰች ስትናገር ግን፣ ልቤ ገና ሳትጨርስ ለአስካለ ፈርዶ ነበር። ደነገጥኩ። ቤትሽ በልቻለሁና አልችልም፣ ሌላ ሽማግሌ ፈልጉ አልኳት። አስካለ፣ ወዳጅ ብዬሽ ከጎኔ አልቆምሽም ብላ አኮረፈችኝ። እሑድ ይመጣል፣ እሑድ ይሄዳል፤ ስልኬ አይጮኽም።

እውነትዎን ነበር፣ የኔ ጌታ። እኔ ግን እንደ እርስዎ አልችልበትም። የፊታችን እሑድ ሳልጠራ በአውቶቡስ ሄጄ በሯን አንኳኳለሁ። ብትቆጣም ቁጭ እላለሁ፤ ካቀረበችልኝ እበላለሁ። ዳኝነቱ ይቅርብኝ። በጎረስሁ ቁጥር ግን አስታውስዎታለሁ፤ ያን ሁሉ ዘመን እርስዎም ሰው ርቦዎት እንደነበር የገባኝ አሁን ነው።