ቆልፎ የሚቆም ሰንጢ

ለወንድሜ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ጤናህ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን፤ የእናታችንም ጉልበት ሻል ብሎታል።

የሥራ ጓደኛህ ለእረፍት ሲመጣ ቤት ጎራ ብሎ ነበር። ከገመድ ቆረጣ ለጊዜው ወደ በር ጥበቃ መዛወርህን ነገረን። «ለምን?» ስለው የሚጠጣ ውሃ ጠየቀኝ። እናታችን «እሰይ፣ ቀለል ያለ ሥራ ነው» አለች። እኔም እሰይ አልኩ።

ትናንት አዲስ ሰንጢ ልገዛልህ የመሣሪያ ሱቅ ገባሁ። የሚያብለጨልጭ መያዣ ያለውን ሳነሳ ባለሱቁ ሳቀብኝ። «እህቴ፣ መልክ ለሙሽራ ነው። ቀኑን ሙሉ ገመድ ለሚቆርጥ ሰው መቆለፊያውን እዪለት።» አንዱን ከፍቶ የስለቱን ጀርባ ጠረጴዛው ላይ ተጫነው፤ ንቅንቅ አላለም። «ደካማው ግን እንዲህ ሲጫኑት ይታጠፍና ጣት...» ብሎ ፊቴን ሲያይ ተወው። ዓምና የላክሁልህን ስገዛ ያየሁት የቀንድ መያዣውን ብቻ ነበር።

«በየትኛው እጁ ነው የሚሠራው?» አለኝ ቀጥሎ። በቀኝህ እንደምትሠራ ከልጅነትህ ጀምሮ አውቃለሁ።

ሆኖም «በሁለቱም እጅ የሚከፈት ስጠኝ» አልኩት። ይኸው፣ በጓደኛህ ልኬዋለሁ።

እናታችን ጉንጩን ሳሚልኝ ብላለች። ደህንነትህን ራስህ ጽፈህ ላክልኝ፤ ለሌላ ሰው እየነገርክ አታስጽፍ። በግራ እጅህ ጽፈኸው ቢንጋደድም ግድ የለኝም።

እህትህ