በእናቴ ራስጌ ስለተለጠፈው መስታወት

ለተከበሩ የአካባቢያችን የቤት ግንባታ ቁጥጥር ኃላፊ፦

ክቡርነትዎ፣ ከነባልደረቦችዎና ከነቤተሰብዎ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ የሰላም፣ ከራስዎ በላይ ያለው ጣሪያም የጸና እንዲሆንልዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ መሥሪያ ቤትዎ ፈቅዶ ባሠራውና መርምሮ ባሳለፈው ባለሦስት ፎቅ ቤት ምድር ቤት ውስጥ፣ ከአልጋ መነሣት ካቃታት እናቴ ጋር የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ። ሰሞኑን መሥሪያ ቤትዎ የቁጥጥር ሥራውን ራሱ ገምግሞ ራሱን «እጅግ አጥጋቢ» ማለቱን ከማስታወቂያ ሰሌዳችሁ ላይ ባነብ ደስታዬ ወሰን ስላጣ፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

፩. በእናቴ ራስጌ ግድግዳው በተሰነጠቀ ጊዜ ተቆጣጣሪዎ ሳይውሉ ሳያድሩ መጥተው በስንጥቁ ላይ ቀጭን መስታወት አጋድመው በኮላ አጣበቁልን። ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ መስታወቱ ይሰበራል፣ ያኔ ጥሩኝ አሉን። ብዙም ሳይቆይ ተሰበረ፤ ጠራናቸው። መጥተው አዩና ራሳቸውን ነቅንቀው አዲስ መስታወት ለጠፉ። እሱም ተሰበረ። በሦስተኛው ግን ሁነኛ መፍትሔ ይዘው መጡ፤ የማይሰበር ፕላስቲክ። ከዚያ ወዲህ በቤታችን አንድም መስታወት እንዳልተሰበረ ግምገማዎ በኩራት ጠቅሶታል፤ እውነት ነው፣ አልተሰበረም። ስንጥቁ ግን አሁን እጄን እስከ አንጓዬ ያስገባል። የስፌት መኪናዬን ባቆምሁ ቁጥር ከግድግዳው ውስጥ ጨርቅ ሲተረተር የሚሰማ ዓይነት ድምፅ እሰማለሁ፤ የዚህን ድምፅ ትርጉም ደግሞ ለእኔ ለልብስ ሰፊዋ ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም።

፪. የእናቴ ክፍል በር ከመቃኑ ጋር አልገጥም ብሎ ተከፍቶ ይውላል። ተቆጣጣሪዎ እርጥበት ነው ብለው አረጋግተውናል። ዝናብ ከጣለ ወራት ማለፋቸውን ላነሣባቸው ይሉኝታ ያዘኝ።

፫. አቤቱታዬን ይዤ ቢሮዎ ብመጣ፣ ግምገማው ስለተጠናቀቀ አዲስ ስንጥቅ እንደማትቀበሉ ጸሐፊዎ በትሕትና አስረድታኛለች። ስለ ትሕትናዋ አመሰግናለሁ።

፬. ከሁሉ የከበደኝ ይኸኛው ነው። እናቴን አዝዬ ልውጣ ብል እምቢ አለችኝ። ዕድሜዋን ሙሉ የመንግሥት ቢሮ ስታጸዳ ኖራ ጡረታ የወጣች ናትና፣ በእናንተ ላይ ያላት እምነት እንኳን በስንጥቅ በምንም አይነቃነቅም። «መንግሥት አይቶት የለም እንዴ! እነሱ ደህና ነው ካሉ አንቺ ማን ነሽ?» ትለኛለች። ተቆጣጣሪዎ ሊመጡ ነው ከተባለ ትራሷን እንዳስደግፋት አዝዛኝ ፀጉሯን ታበጥራለች። እኔ ፈርቻለሁ፤ ክቡርነትዎ፣ ይህን በጨዋ ቋንቋ የምሸፍንበት መንገድ አጣሁ። ስለዚህ ግድግዳው ይጠገን አልልም፣ ቤት ይሰጠንም አልልም። አንድ ጊዜ ብቅ ብለው በራስዎ አንደበት «እማማ፣ ይውጡ» ይበሏት። እርስዎ ካሉ ትወጣለች።

ለሚቀጥለው ግምገማ በሕይወት ቆይተን ስለ ትጋትዎ ለመመስከር እንድንበቃ እየተመኘሁ፣ ከአክብሮትም ከጣሪያው ዝቅ ማለትም የተነሣ አንገቴን ደፍቼ እሰናበታለሁ።

የምድር ቤቷ ልብስ ሰፊ

ተጨማሪ፦ ይህን ደብዳቤ ከቢሮዎ በር ላይ ልለጥፍ ስነሣ፣ በተራ ቁጥር ፪ ያማረርሁበት በር በራሱ ጊዜ ገጥሟል፤ ስለዚህ ያ ቅሬታዬ ይሰረዝልኝ። እኔ ከውጭ ቀርቻለሁ። ጎረቤቶች መጥተዋል፤ በሩን ብንመታው ግድግዳው አብሮ እንዳይመጣ ፈርተን ቆመናል። ወደ እናንተ ሰው መላኩን ለእናቴ በበሩ ሥር ነግሬያታለሁ። አትጨነቂ ብላኛለች፤ ማበጠሪያዋ ይሰማኛል፣ ፀጉሯን እያበጠረች ነው።