የአቶ ሳኪዩሳ ቦላ ሕይወትና የናቶንጎ ወንዝ

አቶ ሳኪዩሳ ቦላ ከአባታቸው ከአናጢው አቶ ፔኒ ቦላና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሎሜ ዲሮንጎ፣ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 9 ቀን 1944 በፊጂ፣ በኮሮ ደሴት ተወለዱ። ከሰባት ልጆች አምስተኛው ነበሩ። አውሎ ነፋስ የሰፈሩን ክዳን በወሰደ ቁጥር ከአባታቸው ጋር ጣራ ሲመቱ ስላደጉ፣ “ከመራመዴ በፊት ጣራ ላይ ወጥቻለሁ” ማለት ይወዱ ነበር። እናታቸው ግን ይህ ነጭ ውሸት ነው እያሉ እስከ ዕለተ ሞታቸው ተከራክረዋል።

በደሴቲቱ በሚገኘው የሚስዮን ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ፣ በ1961 ወደ ላውቶካ ከተማ ተሻግረው ለአምስት ዓመት የብየዳ ሙያ ተለማመዱ። ከዚያም አውስትራሊያ፣ ብሪዝበን ሄደው በሜካኒካል ምህንድስና ዲፕሎማቸውን ይዘው ተመለሱ። በ1972 በማታኒሲንጋ ቆርቆሮ ፋብሪካ በፎርማንነት ተቀጠሩ፤ በዚያው ዓመት ከወይዘሮ ሊቲያና ጋር በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ጋብቻቸውን ፈጽመው ወንድ ልጃቸውን ቪሊኬሳንና ሴት ልጃቸውን መሬሲያናን አፈሩ። በ1984 ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆነው ፋብሪካውን ለሃያ ስድስት ዓመታት መሩ። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ምሳቸውን ከሠራተኛው ጋር፣ ካሳቫና የቆርቆሮ ዓሣ እየበሉ አሳልፈዋል። ቢሯቸው ውስጥ ምንጣፍ ቢነጠፍላቸው አስነሥተው ለዘበኛው ቤት ሰጡት።

የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ እንዲያሞግስ እንጂ እንዲያማ አይጠበቅበትም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ኡናይሲ ግን የእህታቸው ልጅ ነኝ፤ በእኛ ወግ ደግሞ የእህት ልጅ አጎቷን ያሻትን ብትናገር፣ ያሻትን ብትጠይቅ አትከለከልም። ከሸሚዛቸው እስከ መኪናቸው ያልወሰድኩት የለም። ስለዚህ የ1993ቱን ነገር አልዘለውም፤ ብዘለው እሳቸው ራሳቸው ይቆጡኛል።

በዚያ ዓመት አውሎ ነፋስ ስንቱን ቤት ጣራ አልባ አደረገው። መሐንዲሶቹ ቆርቆሮ የሚታጠብበት የአሲድ ጋን ተሰንጥቋልና ፋብሪካው ለሁለት ሳምንት ይቁም ቢሉ፣ አቶ ሳኪዩሳ “ሕዝብ ዝናብ ላይ ተኝቶ እኛ አናርፍም” ብለው ሥራው እንዲቀጥል አዘዙ። በዘጠነኛው ቀን ጋኑ ፈነዳ። አሲዱ የናቶንጎን ወንዝ ይዞ ወረደ፤ ዓሣው ሆዱን ገልብጦ ተንሳፈፈ፣ በዳርቻው ያለው የናቶንጎ መንደርም ከሚተዳደርበት ውኃ ተለየ። የድርጅቱ ጠበቆች አጎቴን ጥፋት እንዳያምኑ፣ መንደሩም ድርሽ እንዳይሉ አስጠነቀቋቸው።

ያኔ ቢሯቸው ገብቼ “አጎቴ፣ ዛሬ የምጠይቅዎት ሸሚዝ አይደለም። ናቶንጎ ሄደው ይቅርታ ይጠይቁልኝ” አልኳቸው። “አንቺ ልጅ፣ መኪናዬን ደግመሽ ብትወስጂው ይሻለኝ ነበር” አሉኝ። እምቢ ግን አላሉም።

በማግሥቱ እንደ ወጉ የይቅርታ መለመኛ የሆነውን የዓሣ ነባሪ ጥርስ ይዘው ሄዱ፤ መሬት ተቀምጠው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ “እኔ ነኝ ያጠፋሁት” አሉ። የመንደሩ አለቃ ራቱ ታኒኤላ ጥርሱን አልነኩትም። “አንሣው ወንድሜ። መጀመሪያ ዓሣው ይመለስ፣ ከዚያ እናወራለን” ብለው መለሷቸው። አጎቴ ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመናቸው ያ ወንዝ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም። አዲስ ማጣሪያ አሠሩ። የመንደሩ ልጆች ላውቶካ አርፈው የሚማሩበት ማደሪያ ሠሩ፤ ሴት ልጆችም ብየዳ የሚማሩበት የሙያ ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ ለመበለቶች ጣራ በየዓመቱ ቆርቆሮ ሰጡ። ከእነዚህ በአንዱም ላይ ስማቸው እንዲጻፍ አልፈቀዱም። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ሱሪያቸውን ሰብስበው ከናቶንጎ ሴቶች ጋር ጭቃ ውስጥ ቅጠል ያላወጣ፣ ዘንግ የመሰለ የማንግሮቭ ዛፍ ችግኝ ይተክሉ ነበር። የመጀመሪያውን ቀን አንድ ሙሉ ረድፍ ዘቅዝቀው ተከሉ። “አቶ ሳኪዩሳ፣ በአናቱ ተከሉት እኮ! ሚስማር መሰለዎት?” ብለው ሴቶቹ ጭቃ ውስጥ እስኪቀመጡ ሳቁባቸው። እሳቸውም አንድ በአንድ ነቅለው እንደገና ተከሉ።

በ2001 ዓሣው ወደ ወንዙ ተመለሰ። ራቱ ታኒኤላ አንድ ቅርጫት ሙሉ ሸርጣን ወደ ፋብሪካው በር ላኩ፤ የይቅርታ ቃል ግን አልተላከም። አጎቴም ዳግመኛ አልጠየቁም፤ “የለመንኩትን ሰምተዋል፤ መነዝነዝ ግን ነውር ነው” ይሉ ነበር። በ2010 ጡረታ ወጡ፣ ቅዳሜያቸውን ግን አላቋረጡም። ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ለሁለት ዓመት በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ያን ቃል ሳይሰሙ መጋቢት 3 ቀን 2023 በሰባ ስምንት ዓመታቸው ዐረፉ።

በማግሥቱ ራቱ ታኒኤላ፣ ሰማንያ ዓመት አልፏቸው በሁለት ሰው ተደግፈው፣ መንደሩን ሁሉ አስከትለው ደጃችን መጡ። ቃሉ ለምን እንደዘገየ በእህት ልጅ ድፍረት ጠየቅኋቸው። ደንግጠው አዩኝ። “ሸርጣኑን የላክንለት እኮ ታርቀን ነው። ከተጣሉት ሰው ጋር ማን ምግብ ይካፈላል? አልገባውም ነበር?” አሉኝ። እሳቸውም ዕንባቸውን በእጃቸው ጠርገው እየጻፍኩት ወደነበረው ወደዚህ ወረቀት አመለከቱኝ፤ “ለቀስተኛ ብለሽ እንዳትጽፊን። ሐዘንተኛ ነን” አሉ።

በዚህም መሠረት አቶ ሳኪዩሳ ቦላን በሞት የተነጠቅን ሐዘንተኞች፦ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሊቲያና፣ ልጆቻቸው ቪሊኬሳና መሬሲያና፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸው፣ እኔ የእህታቸው ልጅ ኡናይሲ፣ እንዲሁም የናቶንጎ መንደር ሕዝብ በሙሉ ነን። ምሕረቱ የማያልቅ አምላክ ነፍሳቸውን በደስታ ይቀበል፤ እዚህ ያልሰሙትንም እዚያ ያሰማልን። አሜን።